ከምጥ ቀን በፊት፤ የእርግዝና ኢንፌክሽንና ያለ ጊዜያቸው የሚወለዱ ጨቅላዎች በይፋት ቆላ

ከ37ኛው የእርግዝና ሳምንት በፊት የሚወለድ ሕፃን ያለ ጊዜው የተወለደ ይባላል። እ.ኤ.አ. ከ2016 እስከ 2018 በጎንደር፣ በጅማና በአዲስ አበባ 5 ሆስፒታሎች በተካሄደው ሰፊ ጥናት፣ ለጨቅላ ሕፃናት ክትትል ከገቡት እንዲህ ያሉ ልጆች 29 በመቶው 28 ቀን ሳይሞላቸው የሞቱ ሲሆን፣ ለሞታቸው ምክንያት ሆነው ከተመዘገቡት መካከል ኢንፌክሽን 30 በመቶውን ይዟል። ይህ አኃዝ ግን በልጁ ላይ የታየውን ሕመም ይቆጥራል እንጂ፣ አስቀድሞ በእናቲቱ አካል የነበረውንና ምናልባትም ልጁን ያለ ቀኑ ከማኅፀን ያስወጣውን ኢንፌክሽን አያሳይም።

ጀርሞች ከብልት ሽቅብ ወጥተው የእንሽርት ውሃ ወዳለበት ከረጢት ሲደርሱ፣ የሰውነት መከላከያ ሕዋሳት ሳይቶካይን የተባሉ መልእክተኛ ፕሮቲኖችን ይለቃሉ፤ እነዚህም ፕሮስታግላንዲን የተባለው ንጥረ ነገር እንዲበዛ፣ የማኅፀን በር እንዲለሰልስና ምጥ ያለ ጊዜው እንዲመጣ ያደርጋሉ። ብግነት የሚባለው ይህ የመከላከል ቁጣ በፅንሱ ላይ ሲነሣ፣ ገና በመሠራት ላይ ያሉትን ሳንባና የአንጎል ነጭ ክፍል ሊጎዳ ስለሚችል፣ ከሞት የተረፈው ልጅም በኋላ የመተንፈስና የእንቅስቃሴ ችግር ሊገጥመው ይችላል።

በይፋት ቆላ፣ በሸዋ ሮቢትና በአካባቢው፣ በዚህ ላይ ወባ ይጨመራል። ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ጥገኛ ተሕዋስ በእንግዴ ልጅ ውስጥ ተጠራቅሞ ብግነት ያስነሣል፣ የፅንሱንም ምግብ ይቀንሳል። ወባ በኢትዮጵያ በአብዛኛው ክረምቱ እንዳለፈ በየወቅቱ የሚበረታ በመሆኑ የእናቶች የመከላከል አቅም ደካማ ነው፤ የአገሪቱ መመሪያም ለነፍሰ ጡሮች በየጊዜው የመከላከያ መድኃኒት ከመስጠት ይልቅ በአጎበርና በፈጣን ሕክምና ላይ ይመሠረታል።

ከሁሉ የሚያሳስበው ምልክት የማያሳይ የሽንት ኢንፌክሽን ነው። ሽንት ውስጥ የሚነከረው የመመርመሪያ ወረቀት ቀለሙን ባይቀይርም ባክቴሪያ ሊኖር ይችላል፤ ይበልጥ አስተማማኝ የሆነው፣ ባክቴሪያውን አሳድጎ የሚለየው የካልቸር ምርመራ ደግሞ አንድ ወይም ሁለት ቀን ይፈጃል፤ ስለዚህ ከሩቅ ቀበሌ በእግሯ የመጣች ነፍሰ ጡር ውጤቱን ለመስማት ዳግመኛ መምጣት ይኖርባታል። የቅድመ ወሊድ ክትትል ተደረገ የሚለው መዝገብ ይህን ክፍተት አይናገርም፤ ሊታረም የሚገባውም እዚህ ላይ ነው። እርግጥ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ያለ ልክ መስጠት መፍትሔ አይደለም፤ ኦራክል የተባለው የብሪታንያ ጥናት ተከታይ ምርመራ እ.ኤ.አ. በ2008 እንዳመለከተው፣ የእንሽርት ውሃቸው ሳይፈስ ያለ ጊዜው ምጥ ለያዛቸውና የኢንፌክሽን ምልክት ላልታየባቸው እናቶች መድኃኒቱ ሲሰጥ፣ በልጆቻቸው ላይ ሴሬብራል ፓልሲ የተባለው የእንቅስቃሴ ጉዳት በዝቶ ተገኝቷል።

መዝገብ የማይናገረውን ለማወቅ የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ ከሃርቫርድ ጋር እ.ኤ.አ. በ2018 የመሠረተው «ብርሃን» የጥናት ጣቢያ ልዩ ዋጋ አለው፤ ደጋውን አንጎለላና ጠራን ከቆላው ቀወትና ሸዋ ሮቢት ጋር አጣምሮ፣ እናቶችን ከእርግዝና ጀምሮ ልጆቻቸውንም ከተወለዱ በኋላ ይከታተላልና። ሆስፒታል ብቻ ቢጠና ቤት ወልዳ ልጇን ያጣችው እናት ከቁጥር ትወጣ ነበር።