17 ደቂቃውን ሙዚቃ በ4 ደቂቃ

በረዶ ሲባል ለብዙዎቻችን ክረምት ላይ የቤታችንን ቆርቆሮ የሚደበድበው ነው። የክረምት ኦሊምፒክ በቴሌቪዥን ሲተላለፍ ግን ልጆች ከፊገር ስኬቲንግ ላይ ዓይናቸውን አይነቅሉም። እኛም ዝላዩንና ሽክርክሪቱን እናደንቃለን። ሙዚቃው እንዴት እንደተመረጠና የትኛው ቦታ ላይ እንደተቆረጠ የሚያስብ ጥቂት ነው።

በነጠላ ውድድር ረጅሙ ትርዒት 4 ደቂቃ ነው፤ 10 ሰከንድ ቢበልጥ ወይም ቢያንስ ይፈቀዳል። ከዚያ ከወጣ በየ5 ሰከንዱ 1 ነጥብ ይቀነሳል። ስለዚህ አቀናባሪው መቀሱን የሚያነሳው ሰዓት እያየ ነው። መሐል ላይ ዝግ ያለ ዜማ የሚገባውም ለውበት ብቻ አይደለም፤ ተወዳዳሪው ትንፋሽ ይሰበስባል። በነጠላና በጥንድ ውድድር ግጥም ያለው ዘፈን የተፈቀደው ከ2014/15 እ.ኤ.አ. የውድድር ዘመን ወዲህ ነው። ይህ ደግሞ ቆራጩን ይበልጥ አስቸገረው፤ ዘፋኙን ዓረፍተ ነገሩ መሐል ላይ ማስቆም አይቻልማ!

በመቁረጥ ጥበብ ግን የ1984ቱን የሳራዬቮ ኦሊምፒክ የሚያህል የለም። እንግሊዛውያኑ ጄን ቶርቪል እና ክሪስቶፈር ዲን፣ እሷ የኢንሹራንስ ሠራተኛ፣ እሱ ፖሊስ የነበሩ፣ ለበረዶ ላይ ዳንስ የመረጡት የራቬልን «ቦሌሮ» ነበር። የሙዚቃው ርዝመት ወደ 17 ደቂቃ ይጠጋል። ከበሮው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ምት ይደጋግማል፤ ድምፁ ብቻ ቀስ እያለ ያድጋል፣ ያድጋል፣ በመጨረሻ ይፈነዳል። መጀመሪያውን ብቻ ቢወስዱ ፍንዳታው ይቀራል፤ መጨረሻውን ብቻ ቢወስዱ ደግሞ ጩኸት ይሆናል። አቀበቱ ሳይፈርስ እንዲያጥር እንደገና ተቀናበረ። እንዲያም ሆኖ ከ4 ደቂቃ ከ28 ሰከንድ በታች አልወርድ አለ። የሚፈቀደው ጣሪያ 4 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ ነበር።

የተረፈችውን 18 ሰከንድ ምን ያድርጓት? ደንቡን ሲያገላብጡ፣ ሰዓቱ መቆጠር የሚጀምረው ተወዳዳሪዎቹ መንሸራተት ሲጀምሩ መሆኑን አዩ። ስለዚህ ሙዚቃው ሲጀምር በረዶው ላይ ተንበርክከው ቆዩ። ፊት ለፊት እየተያዩ፣ ወገባቸውንና እጃቸውን ብቻ እያወዛወዙ፣ የጫማቸው ስለት ሳይንሸራተት 18 ሰከንድ አሳለፉ። ይህን ማጭበርበር የሚለው ካለ እኔ አልስማማም፤ እንዲያውም ከትርዒቱ ሁሉ ልብ የሚይዘው ያ መንበርከክ ነው። ሙዚቃው ሲፈነዳ ሁለቱም በረዶው ላይ ወደቁ።

ዘጠኙም ዳኞች ለጥበባዊ አቀራረባቸው ሙሉውን 6.0 ሰጧቸው።