የተጋረደ ሲግናል፦ ርቀት ለኪው መቼ ይታመን?

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 3 ቀን 1999 በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ግዛት፣ በዉስተር ከተማ፣ ሥራ ያቆመ አንድ የቀዝቃዛ ዕቃ መጋዘን በእሳት ተያያዘ። ግንቡ ወፍራም ጡብ ነበር፤ መስኮት አልነበረውም ማለት ይቻላል። ውስጡ በጭስ ታፍኖ ሳለ ሁለት የእሳት አደጋ ሠራተኞች መውጫው ጠፋባቸው። በሬዲዮ የድረሱልን ጥሪ አሰሙ፤ የት እንዳሉ ግን ለራሳቸውም አልታወቃቸውም። እነሱን ፍለጋ ከገቡት ባልደረቦቻቸው አራቱ አልተመለሱም። በድምሩ የስድስት ሰዎች ሕይወት አለፈ።

በዚያው ከተማ የሚገኘው የዉስተር ፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩት ከአደጋው በኋላ፣ ሕንፃ ውስጥ የገባን የእሳት አደጋ ሠራተኛ በሬዲዮ ሞገድ ተከታትሎ ያለበትን ቦታ የሚያሳይ መሣሪያ ለመሥራት ተነሣ። የሰውየውን ድምፅ የሚያደርስ ሞገድ ቦታውንም ሊናገር ይችላል። ችግሩ ግድግዳ ሲጋርደው የተሳሳተ ቦታ መናገሩ፣ ይባስ ብሎም መሳሳቱን አለማስታወቁ ነው። ስለዚህ ከመለካቱ እኩል የሚያስፈልግ ሌላ ሙያ አለ፦ ልኬቱ በቀጥታ መንገድ የመጣ ይሁን በተጋረደ መንገድ ለይቶ ማወቅ።

ርቀት በጊዜ ሲለካ

የሬዲዮ ሞገድ በብርሃን ፍጥነት ይጓዛል፤ በአንድ ናኖ ሰከንድ፣ ማለትም በሰከንድ ቢሊዮንኛ ክፋይ፣ 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሄዳል። አንደኛው መሣሪያ ሲግናል ይልካል፤ ሌላው ይመልሳል። መልስ ለመስጠት የፈጀው ጊዜ ተቀንሶ ቀሪው ለሁለት ሲካፈል የአንድ መንገድ ጉዞው፣ ከእሱም ርቀቱ ይገኛል። ቦታቸው ከታወቀ ሦስት ጣቢያዎች ርቀቱ ከተለካ፣ በየጣቢያው ዙሪያ የሚሰመሩት ክቦች የሚገናኙበት ነጥብ የሚፈለገው ቦታ ነው። ስንተኛ ፎቅ እንደሆነ ማወቅ ካስፈለገ አራተኛ ጣቢያ ይጨመራል።

ለዚህ ሥራ ዛሬ በሰፊው የተመረጠው አልትራ ዋይድባንድ የተባለው ቴክኖሎጂ ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2002 ከ3.1 እስከ 10.6 ጊጋኸርዝ ባለው ክልል እንዲሠራ ፈቀደች፤ በ2019 ደግሞ አይፎን 11 ይዞት ወጣ። እጅግ አጫጭር ምቶች ስለሚልክ፣ መካከል ላይ የሚጋርድ ነገር ከሌለ ስህተቱ በሴንቲ ሜትር የሚቆጠር ነው።

የሚጋርድ ነገር ሲኖር ከሁለት አንዱ ይሆናል። አንደኛው፣ ሞገዱ ግድግዳውን ሰንጥቆ ማለፉ ነው፤ ነገር ግን ይደክማል፣ ፍጥነቱም ግድግዳው ውስጥ ይቀንሳል። 20 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ኮንክሪት በልኬቱ ላይ ከ25 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ሊጨምር ይችላል። የሰው ገላም አብዛኛው ውኃ ስለሆነ ሞገዱን ክፉኛ ያዳክመዋል። ሁለተኛው የባሰ ነው፤ እንደ ብረት በር ያለ ነገር ቀጥታውን መንገድ ጭራሽ ይዘጋና ተቀባዩ ዘንድ የሚደርሰው ከሌላ ግድግዳ ላይ ነጥሮ የመጣው ብቻ ይሆናል። የገደል ማሚቶ የጠሪን ድምፅ አዘግይቶ ከሌላ አቅጣጫ እንደሚያሰማው ማለት ነው። ሰውየው 10 ሜትር ላይ ቆሞ ሞገዱ 14 ሜትር ዞሮ ቢመጣ፣ መሣሪያው ያለ ማመንታት 14 ሜትር ብሎ ይመዘግባል። የ13 ናኖ ሰከንድ መዘግየት አዳኞችን ወደ ሌላ ክፍል ሊልካቸው ይችላል።

የሲግናሉን መልክ ማንበብ

ደብሊን የነበረው ዴካዌቭ የተባለው ኩባንያ የሠራው ዲደብሊው1000 ቺፕ መንገዱ ክፍት ይሁን የተጋረደ መለየት እንዴት እንደሚቻል በግልጽ ያሳያል። ቺፑ ምቱ ሲደርሰው ኃይሉን በየ1 ናኖ ሰከንዱ ገደማ እየመዘገበ ግራፍ የሚመስል ነገር ያወጣል። መንገዱ ክፍት ከሆነ የመጀመሪያው ጫፍ ረጅምና ሹል ነው፤ ነጥረው የመጡት ተከትለው እያነሱ ይሄዳሉ። መንገዱ ከተጋረደ የመጀመሪያው ጫፍ ያንሳል፤ ትልቁ ኋላ ይመጣል፤ ኃይሉም በጊዜ ተበታትኖ ይታያል።

የቺፑ መመሪያ ይህን ወደ ቁጥር ይለውጠዋል። ከጠቅላላው ኃይልና ከመጀመሪያው ጫፍ ኃይል መካከል ያለው ልዩነት ከ6 ዴሲቤል በታች ከሆነ መንገዱ ክፍት ሳይሆን አይቀርም፤ ከ10 ዴሲቤል በላይ ከሆነ ተጋርዶ ሊሆን ይችላል። 10 ዴሲቤል ሲባል ቀድሞ የደረሰው ከጠቅላላው ኃይል አንድ አሥረኛውን ብቻ ይዟል ማለት ነው። በ6 እና በ10 መካከል ያለው ለፍርድ ያስቸግራል፤ እዚያ ላይ ሌላ ምስክር መጥራት ያስፈልጋል።

አንዱ ምስክር የልኬቱ መዋዠቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 ዋይሊና ሆልዝማን የተባሉ ተመራማሪዎች፣ ሰው ሲንቀሳቀስ በተጋረደ መንገድ የሚመጣ ልኬት በቀጥታ ከሚመጣው ይልቅ ከፍና ዝቅ እንደሚል አሳይተው ይህንኑ መለያ አደረጉት። ሌላው ምስክር የጣቢያዎቹ መስማማት ነው፤ አምስት ጣቢያዎች ለክተው አራቱ አንድ ነጥብ ላይ ሲገናኙ አምስተኛው ርቆ ከሄደ፣ የሚጠረጠረው እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ደግሞ የኤምአይቲ ተመራማሪዎች የሲግናሉን መልክ ለኮምፒውተር አስተምረው ራሱ እንዲለይ አደረጉ። የዚህ ዘዴ ፈተና ቢሮ ውስጥ የተማረው ኮምፒውተር ብረት የበዛበት ፋብሪካ ውስጥ ሲገባ መሳሳቱ ነው።

የተጠረጠረውን ልኬት ምን እናድርገው?

በቂ ጣቢያ ካለ መጣል፣ ከሌለ ክብደቱን መቀነስ የተለመደ ነው። ከዚህ የተሻለው ግን ከስህተቱ ጠባይ የሚገኘው ጥቅም ነው። ግርዶሽ ርቀትን ያስረዝማል እንጂ አያሳጥርም፤ ሞገድ ከቀጥታው መስመር የሚያጥር መንገድ የለውምና። ስለዚህ መሣሪያው 14 ሜትር ሲል፣ ሰውየው ከ14 ሜትር አይርቅም ብለን ክቡን ወሰን እናደርገዋለን፤ ከክቡ ውጪ ያለውን ሁሉ መፈለግ ይቀራል።

በሳተላይት ቦታ በመለየትም ይኸው አስተሳሰብ ሠርቷል። በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ፖል ግሮቭስ ያዳበሩት ዘዴ፣ በረጃጅም ፎቆች መካከል የቆመ ስልክ የትኞቹ ሳተላይቶች እንደተጋረዱበት ከሕንፃዎቹ ካርታ ጋር አመሳክሮ፣ ሰውየው በመንገዱ በየትኛው ጠርዝ እንዳለ ይገምታል። እዚህ ላይ ቦታውን የሚጠቁመው ግርዶሹ ራሱ ነው።

የሰው ሕይወት በአንድ ቁጥር ላይ ሲንጠለጠል፣ ቁጥሩን ብቻ የሚያሳይ መሣሪያ አይበቃም። ምን ያህል እንደሚታመንም አብሮ መናገር አለበት፤ አዳኝ በየትኛው በር እንደሚገባ የሚወስነው በዚያ ነውና።