ብዙ ኪሎ ሜትር የተነዳ ባለ ቱርቦ መኪና ዋጋው እንዴት ይተመናል?

ለፍጥነትና ለጉልበቱ ተብሎ የተገዛን፣ አሁን ግን ብዙ ኪሎ ሜትር የተነዳን መኪና ያለ ደላላ ለመሸጥ የሚነሳ ባለቤት በቅድሚያ የሚገጥመው ችግር የዋጋ ትመና ነው። ቶዮታ ኮሮላና ቪትዝ በየዕለቱ ስለሚሸጡና ስለሚገዙ ዋጋቸውን የሚያወጣላቸው ገበያው ራሱ ነው። እንደ ሱባሩ ኢምፕሬዛ ደብሊው አር ኤክስ ያሉት ባለ ቱርቦ መኪኖች ግን በአዲስ አበባ አምሳያቸው ጥቂት በመሆኑ፣ ሻጩ ወይ ዋጋውን ሰቅሎ መኪናውን ለወራት ደጅ ያቆመዋል፣ ወይ ተቻኩሎ ከሚገባው በታች ይሸጠዋል።

የሌላ አገር የዋጋ ሠንጠረዥም እዚህ ላይ አይረዳም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ባገለገሉ ተሽከርካሪዎች ላይ ከፍ ያለ ታክስ መጣሉ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑ፣ እንዲሁም በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን መደረጉ የአገር ውስጡን ዋጋ ከውጭው እጅግ አርቆታል።

ትመናው የሚጀምረው ከኪሎ ሜትር ቆጣሪው ነው። ከአሜሪካ የመጡ መኪኖች ቆጣሪያቸው በማይል መሆኑ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል፤ 130 ሺህ የሚል ቆጣሪ 209 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል መነዳቱን ያመለክታል። ይህን ሳይገልጽ የሚሸጥ ሰው ገዥው ጋራዥ ወስዶ ባስመረመረ ጊዜ አመኔታውን ያጣል። ቆጣሪው ዝቅተኛ አሃዝ እያሳየ የፍሬን መርገጫው ጎማ ካለቀና መሪው ከላሸ ደግሞ ገዥ መጠርጠሩ አይቀርም።

ይሁን እንጂ ከአሃዙ ይልቅ ዋጋ የሚወስነው በዚያ ርቀት ውስጥ ምን ተሠርቷል የሚለው ነው። እስከ 2014 እ.ኤ.አ. ሞዴል ድረስ የነበሩት የደብሊው አር ኤክስ ሞተሮች የሚሠሩት በታይሚንግ ቺንጋ ሲሆን፣ አምራቹ ለአሜሪካ ገበያ ባወጣው መመሪያ ቺንጋው በ105 ሺህ ማይል፣ ማለትም በ169 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ መለወጥ አለበት። ቺንጋው ከተበጠሰ ቫልቮቹ ከፒስተኖቹ ጋር ይጋጩና ሞተሩ ይበላሻል። ስለዚህ ቺንጋው መለወጡን የሚያሳይ ደረሰኝ ያለው 210 ሺህ ኪሎ ሜትር የሄደ መኪና፣ ደረሰኝ ከሌለው 170 ሺህ ከሄደው ቢበልጥ አያስገርምም። ፍሪሲዮኑ፣ ቱርቦውና አሞርዛተሮቹም በዚሁ ዓይን ይታያሉ። ከሽያጭ በፊት የኮምፕሬሽን ልኬት አስደርጎ ውጤቱን በጽሑፍ መያዝ ወጪው ጥቂት፣ በድርድር ላይ የሚሰጠው ጉልበት ግን ብዙ ነው።

በአዲስ አበባ ከፍታ የአየር ግፊቱ ከባሕር ወለል በሩብ ገደማ ስለሚያንስ ቱርቦ የሌለው ሞተር ጉልበቱ በጉልህ ይቀንሳል፤ ባለ ቱርቦው ግን ጉድለቱን በአብዛኛው ያካክሳል። ይህ ለሻጭ በጎ ነጥብ ቢሆንም ቱርቦው የበለጠ ስለሚደክም ገዥ ጭሱን አስተውሎ ማየቱ ተገቢ ነው። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየተቃጠለ መሆኑን ይጠቁማል።

ባለቤቱ የጨመራቸው ጌጦች፣ ማለትም ሰፊ ቸርኬ፣ የሚጮህ ማርሚታና የተቀየረ የሞተር ፕሮግራም ያወጣባቸውን ገንዘብ አይመልሱም። እንዲያውም መኪናው ያለ ርኅራኄ መነዳቱን ስለሚያሳብቁ ዋጋ ያወርዳሉ። የፋብሪካው ዕቃ ተቀምጦ ከሆነ መልሶ ማስገጠም ይሻላል።

ስሌቱን በምሳሌ ለማየት ያህል፣ አምሳያ አምስት መኪኖች 2 ሚሊዮን 100 ሺህ፣ 2 ሚሊዮን 200 ሺህ፣ 2 ሚሊዮን 250 ሺህ፣ 2 ሚሊዮን 400 ሺህ እና 3 ሚሊዮን 100 ሺህ ብር ተጠርቶባቸዋል እንበል። አማካዩ 2 ሚሊዮን 410 ሺህ ይሆናል፤ ነገር ግን አንዱ ውድ ጥሪ ያነሳው አሃዝ በመሆኑ መካከለኛውን 2 ሚሊዮን 250 ሺህ መያዝ ይበጃል። ቺንጋ፣ ፍሪሲዮንና አራት ጎማ 250 ሺህ ብር የሚያስወጡ ቢሆን 2 ሚሊዮን ብር ይቀራል። የተጠራ ዋጋ የተሸጠበት ዋጋ አለመሆኑም መዘንጋት የለበትም። ሻጩ ከዚያ በታች የማይወርድበትን ወለል ለራሱ ወስኖ፣ ለድርድር ጥቂት ጨምሮ መጥራት ይችላል።

የቴምብር ቀረጥ ለመቀነስ ሲባል በውሉ ላይ ዝቅተኛ ዋጋ መጻፍ ሕገ ወጥ ከመሆኑም በላይ ራስን ይጎዳል፤ ሽያጩ ቢፈርስ ገዥ በእጁ ያለው ማስረጃ ያ ትንሽ አሃዝ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2287 ሻጭ የሸጠው ዕቃ ጉድለት የሌለበት ስለመሆኑ ዋስ እንደሚሆን ስለሚደነግግ፣ የታወቁ ጉድለቶችን በውሉ ላይ ማስፈር ለሻጩም መከላከያ ነው። ሊብሬው በአዲሱ ባለቤት ስም እስኪዛወር ድረስም ሻጩ የጸደቀውን ውል ቅጂ መያዝ ይኖርበታል፤ መኪናው በዚህ መሃል ጉዳት ቢያደርስ በመዝገብ ላይ የሚገኘው ስም የእርሱ ነውና።