ጌም ቤቱ ሲፈርስ

ካዛንቺስ በ2017 ሲፈርስ ልጄ የሚሄድበት ጌም ቤትም አብሮ ፈረሰ። አሁን የተከራየነው ቂርቆስ ነው፤ እዚህ ያለውን የጌም ቤት ሒሳብ አልቻልነውም። ያለችን አሮጌ ላፕቶፕ ደግሞ በዊንዶውስ 10 የምትሠራ ናት፤ ማይክሮሶፍት መደበኛ ድጋፉን ጥቅምት 4 ቀን 2018 አቁሟል።

የወንድሜ ልጅ ሊኑክስ ሚንትን በፍላሽ አምጥቶ ጫነልን። መጀመሪያ ፎቶዎቻችንን ገለበጠ (ይህን አትርሱ፤ ሲጫን የነበረው ሊጠፋ ይችላል)። ሊኑክስ ክፍያ የለውም፣ የተሰረቀም አይደለም። ከፍላሽ ፍላሽ የሚዞረው ክራክ የተደረገ ጨዋታ ግን ቫይረስ ይዞ ሲመጣ ስንቶቻችን አይተናል!

ሱፐርታክስካርት የሚባለው የመኪና እሽቅድድም ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ ልጆቼ ስክሪኑን ለሁለት ከፍለው ይጫወታሉ። ማሽኑ ከከበደው የምስሉን ጥራት ዝቅ ማድረግ ነው። ለትንሿ ደግሞ ቁጥርና ቀለም የሚያስተምረው ጂኮምፕሪ አለላት።

ቅር ያለው ትልቁ ነው። ቫልቭ በ2018 እ.ኤ.አ. ያወጣው ፕሮቶን ብዙ የዊንዶውስ ጨዋታዎችን በሊኑክስ ያስኬዳል፤ እሱ የሚወደው የኳስ ጨዋታ፣ ኤፍሲ፣ ግን ማጭበርበር የሚከላከልበት ፕሮግራም ሊኑክስን አይቀበልም። ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ ሰዓት ጌም ቤት ፈቅጄለታለሁ፤ ክፍያው ከኪስ ገንዘቡ ነው።