አለቃው ዞር ሲል፦ የሠራተኛ አመራር ዳሰሳ

አለቃው ዞር ሲል ሥራው ይቀጥላል ወይስ ይቆማል? ሠራተኛን ስለመምራት ከመቶ ዓመት በላይ የተጻፈው ብዙው ነገር ዞሮ ዞሮ እዚህ ጥያቄ ላይ ያርፋል።

አሜሪካዊው መሐንዲስ ፍሬድሪክ ቴይለር መልሱን በቁጥጥር ፈለገ። እ.ኤ.አ. በ1911 ባሳተመው መጽሐፉ እንደተረከው፣ በቤተልሔም ብረት ፋብሪካ በቀን 12 ቶን ተኩል ያህል ብረት ይጭን የነበረ ሠራተኛ፣ መቼ እንደሚያነሳና መቼ እንደሚያርፍ እየታዘዘ 47 ቶን ገደማ ጫነ። የቀን ክፍያው ግን ከ1.15 ዶላር ወደ 1.85 ዶላር ብቻ ነው ያደገው። ማሰቡ ለአለቃው፣ መሸከሙ ለሠራተኛው ተከፋፈለ። ፈረንሳዊው ሄንሪ ፋዮል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1916 አስተዳዳሪው የሚመራባቸውን 14 መርሆች አስቀመጠ።

እ.ኤ.አ. ከ1924 እስከ 1932 በቺካጎ አቅራቢያ፣ በሆውቶርን ፋብሪካ የተካሄደው ጥናት የመብራት ድምቀት ምርትን ይጨምር እንደሆነ በመፈተሽ ጀመረ። ሲሰፋ ግን ተመራማሪዎቹ ከ20,000 በላይ ሠራተኞችን አነጋገሩ። የጥናቱ ውጤት እስካሁን ያከራክራል፤ የሠራተኛ ስሜትና የሥራ ባልደረብነት የአመራር ጉዳይ የሆኑት ግን ከዚያ ወዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 የአመራር ምሁሩ ዳግላስ ማክግሬጎር አለቆችን በሁለት እምነት ለያቸው፦ ሰው ካልተገፋ አይሠራም የሚሉ (ቲዎሪ ኤክስ)፣ እና ዕድል ካገኘ ኃላፊነትን ራሱ ይሻል የሚሉ (ቲዎሪ ዋይ)።

የአመራር ስልቶችን በቅርብ ያሳየው የሥነ ልቦና ተመራማሪው ኩርት ሌዊን ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጨረሻ በአሜሪካው አዮዋ ዩኒቨርሲቲ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ የእጅ ሥራ ክበብ ልጆችን በአዛዥ፣ በአሳታፊና በልቅ መሪዎች ሥር አስቀመጠ። አዛዡ መሪ ከክፍሉ ሲወጣ ልጆቹ ሥራውን ተዉት፤ አሳታፊው ሲወጣ ግን ሥራቸውን ቀጠሉ። ልቅ አመራር በሥራም በመንፈስም ደካማ ሆነ። ኋላ ላይ የአመራር ምሁራኑ ሄርሲና ብላንቻርድ፣ ጀማሪና ልምድ ያለው ሠራተኛ በአንድ ስልት አይመሩም ሲሉ ጨመሩበት።

በጃፓኑ ቶዮታ ሠራተኛው ጉድለት ሲያይ አጠገቡ ያለውን ገመድ ይስባል። የቡድን መሪው ይደርስለታል፤ ችግሩ ቶሎ ካልተፈታ መስመሩ ይቆማል። ቴይለር ከሠራተኛው የወሰደው የማሰብ ሥልጣን በዚያ ገመድ ተመለሰለት። ከዚሁ ልማድ ጋር የተያያዘው ካይዘን፣ ማለትም ሥራን ያለማቋረጥ የማሻሻል ዘዴ፣ በጃፓን ድጋፍ በ30 የኢትዮጵያ ድርጅቶች ተሞክሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2011 የራሱ ኢንስቲትዩት ተቋቁሞለታል።

ሰው የምታስተዳድሩ ሁሉ፣ ጉድለት እያየ ለመናገር የሚፈራ ሠራተኛ ካላችሁ፣ እሱን ከመገምገማችሁ በፊት የራሳችሁን አመራር መርምሩ።