የኮምፒዩተር ፕሮግራሞች ወደ መዝገብ እንዲገቡ ስለ መፍቀድና ስለ መከልከል

የመሬት ይዞታ መዝገብ፣ የግብር ዝርዝር፣ የማዳበሪያና የምርጥ ዘር ማከፋፈያ ቍጥር፣ ቀድሞ በወረቀት ተጽፎ በሣጥን ተቈልፎ ይቀመጥ የነበረው ነገር ዛሬ በብዙ ጽሕፈት ቤት በኮምፒዩተር ውስጥ ተቀምጧል። የወረቀቱ መዝገብ የሚጠበቀው በመዝጊያና በቍልፍ ነበር፤ ቍልፉን የያዘውም ሰው በስሙ የታወቀ ነበር። በኮምፒዩተር ግን ወደ መዝገቡ የሚገባው ሰው ብቻ አይደለም፤ ሰው የከፈተው ፕሮግራምም ይገባል። ስለዚህ «ይህን መዝገብ ማን ያየዋል?» ብሎ የሚጠይቅ ሹም «የትኛው ፕሮግራም ያነበዋል? የትኛውስ ይለውጠዋል?» የሚለውንም ጥያቄ መጨመር ይገባዋል።

ነገሩን ለመረዳት የቀድሞውን የምስለኔ ሥራ ማሰብ ይበቃል። ምስለኔ፣ ስሙ እንደሚያመለክተው፣ ሹሙን መስሎ ይሠራ ነበር፤ ሹሙ ሊያዝዝበት በሚችለውም ነገር በሹሙ ስም ያዝዝ ነበር። የጽሕፈት ቤት ኮምፒዩተርም ከጥንት ሥርዐቱ ለፕሮግራም የሚሰጠው ይህንኑ የምስለኔ ሥልጣን ነው። ጸሐፊው በስሙና በምስጢር ቃሉ ከገባ በኋላ የሚከፍተው ፕሮግራም ሁሉ፣ የሒሳብ መሥሪያም ቢሆን፣ የፎቶግራፍ ማሳያም ቢሆን፣ ጸሐፊው ሊያነበው የሚችለውን ያነባል፤ ጸሐፊው ሊሰርዘው የሚችለውንም ሊሰርዝ ይችላል። ኮምፒዩተሩ ላኪውን ያውቃል እንጂ የተላከው ታማኝ ይሁን ቀጣፊ ለይቶ አያውቅም።

ይህ ጕድለት መሆኑ በዐዋቂዎች ዘንድ ከታወቀ ብዙ ዘመን ነው። በአሜሪካ የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም መምህር የነበረው ጄሮም ሳልትዘር በ1966 ዓ.ም. ባሳተመው ጽሑፍ፣ ማናቸውም ፕሮግራም ለተሰጠው ሥራ ከሚያስፈልገው ፈቃድ በላይ ሊሰጠው እንደማይገባ አስረድቷል። ይህም አሳብ ከዚያ ወዲህ የመዝገብ ጥበቃ መሠረት ሆኖ ይኖራል።

ምክሩ እስኪሠራበት ድረስ ግን ብዙ ጥፋት ደረሰ። በግንቦት 4 ቀን 2009 ዓ.ም. ዋናክራይ የሚባል ክፉ ፕሮግራም ተነሥቶ፣ በጥቂት ቀን ውስጥ ከ150 በሚበልጡ አገሮች ከ200,000 የሚበልጡ ኮምፒዩተሮችን ያዘ። የያዘውንም ፋይል ሁሉ በምስጢር ቍልፍ ቈልፎ፣ ለመክፈቻው 300 ዶላር ቤዛ ይጠይቅ ነበር። በእንግሊዝ አገር ሐኪም ቤቶች ቀጠሮ የያዙ በሽተኞችን እስከ መመለስ ደረሱ። የሚያሳዝነው ነገር፣ ዋናክራይ የገባበትን ቀዳዳ የሚደፍነው ጥገና ከዚያ በፊት በመጋቢት ወር ወጥቶ ነበር። ቸል ያሉት ተጐዱ። ማይክሮሶፍት የተባለው ኩባንያም በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ባወጣው የዊንዶውስ 10 እድሳት ላይ፣ ያልተፈቀደለት ፕሮግራም በተመረጡ ማኅደሮች ውስጥ እንዳይጽፍ የሚከለክል መዝጊያ ጨመረ።

ፈቃድ ሲባል ሁለት ነገር ተለይቶ መታወቅ አለበት። አንደኛው የማንበብ ፈቃድ ነው፤ ሁለተኛው የመጻፍ፣ ይኸውም የመለወጥና የመሰረዝ ፈቃድ ነው። የማንበብ ፈቃድ ያለ አግባብ ቢሰጥ የገበሬው ምስጢር ይወጣል፤ የመጻፍ ፈቃድ ያለ አግባብ ቢሰጥ የገበሬው ድንበር ይጠፋል። ለምሳሌ፣ የዓመቱን መግለጫ የሚያዘጋጅ ፕሮግራም መዝገቡን ማንበብ እንጂ መጻፍ አያስፈልገውም። የመዝገቡን ግልባጭ የሚያስቀምጥ ፕሮግራምም ሁሉን ያነባል፤ የሚጽፈው ግን ግልባጩ በሚቀመጥበት ስፍራ ብቻ ሊሆን ይገባል።

አሁን በዊንዶውስ 11 ፈቃዱ የሚለወጥበት መንገድ እንደሚከተለው ነው።

1ኛ፤ ከማይክሮሶፍት ስቶር ለሚወጡ ፕሮግራሞች፦ ሴቲንግስ የሚባለውን ከፍቶ፣ ፕራይቨሲ ኤንድ ሴኪዩሪቲ ወደሚለው ክፍል መግባት ነው። በዚያ ዶኪዩመንትስ፣ ፒክቸርስ፣ ዳውንሎድስ ፎልደር፣ ፋይል ሲስተም የሚሉ መስመሮች ይገኛሉ። እያንዳንዱ ሲከፈት የፕሮግራሞቹ ስም ተዘርዝሮ ይታያል፤ በስማቸውም አጠገብ ያለውን ማብሪያ ማጥፊያ በመንካት መፍቀድ ወይም መከልከል ይቻላል። ፋይል ሲስተም የሚለው ግን ሰውየው ሊደርስበት የሚችለውን ፋይል ሁሉ የሚከፍት ስለ ሆነ፣ ያለ ብርቱ ምክንያት ለማንም ሊሰጥ አይገባም።

በዚህ ስፍራ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ከስቶር ሳይሆን ከሌላ ቦታ ተገኝተው የተጫኑ የዱሮው ዐይነት ፕሮግራሞች በእነዚህ ማጥፊያዎች አይገዙም። ጸሐፊው ሁሉን አጠፋሁ ብሎ ልቡ ቢያርፍም፣ እነርሱ እንደ ቀድሞው ይገባሉ።

2ኛ፤ ለእንዲህ ያሉት ፕሮግራሞች፦ ዊንዶውስ ሴኪዩሪቲ በሚባለው ውስጥ ቫይረስ ኤንድ ትሬት ፕሮቴክሽን ከሚለው ገብቶ፣ በታች በኩል ያለውን የራንሰምዌር መከላከያ መክፈት ነው። በዚያ ኮንትሮልድ ፎልደር አክሰስ የሚለው መዝጊያ ይገኛል፤ ከፋብሪካ ሲመጣ ጠፍቶ ስለሚመጣ የኮምፒዩተሩ ኀላፊ ራሱ ሊያበራው ያስፈልጋል። ቀጥሎ የመዝገቡ ማኅደር ከሚጠበቁት ማኅደሮች ጋር ይጨመራል። ኩባንያው የታመኑ ናቸው ያላቸው ፕሮግራሞች ያለ ልዩ ፈቃድ ያልፋሉ፤ የቀሩት ይከለከላሉ። የታመነ ፕሮግራም ያለ አግባብ ቢከለከል፣ በዚያው ገጽ ፕሮግራም ለመፍቀድ የተዘጋጀውን መስመር ከፍቶ፣ በቅርቡ ከተከለከሉት መካከል ስሙን መርጦ መጨመር ይቻላል። ፈቃዱ የሚጸናው ፕሮግራሙ በዚያን ጊዜ ለነበረበት ስፍራ ብቻ ነው፤ ወደ ሌላ ማኅደር ቢዛወር እንደ ገና መፈቀድ አለበት። ደግሞም ፈቃዱ እንዲሠራ ፕሮግራሙን ዘግቶ እንደ ገና መክፈት ያስፈልጋል።

3ኛ፤ ይህ መዝጊያ የሚከለክለው መጻፍን እንጂ ማንበብን አይደለም። ማንበብን ለመከልከል ወደ ምስለኔው ላኪ መመለስ ያስፈልጋል። ለእያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱ የመግቢያ ስም ይሰጠዋል፤ ከዚያም በመዝገቡ ማኅደር ላይ ፕሮፐርቲስ፣ ቀጥሎም ሴኪዩሪቲ የሚለውን ከፍቶ ማን እንደሚያነብና ማን እንደሚጽፍ በስም ይወሰናል። ደብዳቤ የሚያትመው ሠራተኛ የመሬት መዝገቡን ማየት ካልተፈቀደለት፣ በእርሱ ስም የተከፈተ ፕሮግራምም ሊያየው አይችልም። በዚሁ ምክንያት የዕለት ሥራ በኀላፊው የአድሚኒስትሬተር ስም ሊሠራ ፈጽሞ አይገባም።

በአፕል ኮምፒዩተር፣ በመስከረም 2012 ዓ.ም. ከወጣው ካታሊና ከሚባለው ሥርዐት ጀምሮ፣ ፕሮግራም ወደ ዴስክቶፕ፣ ወደ ዶኪዩመንትስ ወይም ወደ ዳውንሎድስ ሲገባ አስቀድሞ ሰውየውን ያስፈቅዳል። የተሰጠውን ፈቃድ ለመለወጥ በሲስተም ሴቲንግስ ውስጥ ፕራይቨሲ ኤንድ ሴኪዩሪቲ፣ ከዚያም ፋይልስ ኤንድ ፎልደርስ የሚለውን መክፈት ነው። ፉል ዲስክ አክሰስ የሚለው ግን የቤቱን ሁሉ ቍልፍ እንደ መስጠት ይቈጠራል። በሊኑክስ ላይ በፍላትፓክ ሥርዐት የተጫኑ ፕሮግራሞች ደግሞ ፍላትሲል በሚባል መሣሪያ፣ ለዚህ ማኅደር ለማንበብ ብቻ ተብሎ እስኪለይ ድረስ ሊወሰንላቸው ይችላል።

የፈቃድ ነገር የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ በክፋት ሳይሆን በችኰላ ነው። ማዳበሪያ በሚከፋፈልበት ሰሞን ገበሬው በደጅ ተሰልፎ ሳለ፣ ዝርዝሩን የሚመዘግበው ፕሮግራም «ፈቃድ የለህም» ተብሎ ይቆማል። ጸሐፊውም ሥራው እንዳይቋረጥ ብሎ መዝጊያውን በሙሉ ያጠፋዋል፤ ሰሞኑ ካለፈም በኋላ መልሶ የሚያበራው አይገኝም። አንዱን ጎተራ ለመክፈት የግቢውን አጥር ማፍረስ ማለት ይህ ነው። ስለዚህ በየጽሕፈት ቤቱ የሚከተለው ደንብ ቢጸና ይበጃል።

ፕሮግራም በተከለከለ ጊዜ፣ ስሙ ማን እንደ ሆነ፣ የትኛውን ማኅደር እንደ ፈለገና ለማንበብ ወይም ለመጻፍ መሆኑ አስቀድሞ ይጣራ። የተፈቀደው ፈቃድ፣ የፈቀደው ሰው ስምና ቀኑ በደብተር ይጻፍ። ፈቃዱ ለጊዜው ከሆነ፣ የሚዘጋበትም ቀን አብሮ ይወሰን። በየሦስት ወሩም የፈቃዱ ዝርዝር ተከፍቶ ይመርመር፤ ሥራ የሌለው ፕሮግራም ፈቃዱ ይነሣ።

የፈቃድ መወሰን ብቻውን ሁሉን አያድንም። ጥገናው በየጊዜው ካልተጫነ ቀዳዳው ክፍት ነው፤ ዊንዶውስ 10 የሚሠራበት ጽሕፈት ቤትም ለዚያ ሥርዐት ይሰጥ የነበረው መደበኛ ነጻ ጥገና በጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. መቋረጡን ሊያስብ ይገባዋል። ከኮምፒዩተሩ ተለይቶ በሌላ ስፍራ የሚቀመጥ ግልባጭም ከሌለ፣ መዝገቡ በአንድ ቀን ሊጠፋ ይችላል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን፣ ሥራው ሁሉ አስቀድሞ የሚሠራ ነው።

በመዝገቡ ውስጥ የሰፈረው የገበሬው ስም፣ የማሳው ስፋትና ወሰኑ፣ ለልጆቹም የሚያወርሰው መብት ነው። በወረቀት ዘመን ይህን አደራ የሚጠብቅ ሹም የሣጥኑ ቍልፍ በማን እጅ እንዳለ ሳያውቅ አያድርም ነበር። የዛሬውም ሹም ኮምፒዩተሩን በገዛ እጁ ባይነካ እንኳ፣ ጸሐፊውን ጠርቶ «የመዝገባችን ቍልፍ በየትኞቹ ፕሮግራሞች እጅ ነው?» ብሎ ይጠይቅ፤ መልሱንም በጽሑፍ ይቀበል።