በርቀት ስንሠራ እንዳንቀያየም

ባለፈው ዐቢይ ጾም ስለ አንድ የምንጭ ማጎልበት ሥራ ለአጥቢያው የልማት ኮሚቴ በቴሌግራም ጥያቄ ላክን። አራት ቀን ጠበቅን፤ መልስ አልመጣም። ችላ የተባልን መስሎን ሁለተኛውን መልእክት ጠንከር ባለ ቃል ጻፍን። ኋላ ስንደውል የኮሚቴው ጸሐፊ የሆኑት አባት ከቀትር በኋላ በቅዳሴ ላይ እንደ ነበሩ፣ ማታም መብራት በመጥፋቱ ስልካቸውን ቻርጅ ማድረግ እንዳልቻሉ ተረዳን። የጾሙን ሥርዓት እያወቅን ይህን አለማሰባችን ያሳፍራል። ይቅርታ ጠይቀናል፤ ቅሬታው እስኪሽር ግን የሲሚንቶው ግዥ ዘገየ፣ የመንደሩ እናቶችም ጀሪካን ተሸክመው ወንዝ መውረዳቸው ቀጠለ።

በአንድ ጽሕፈት ቤት የሚሠሩ ሰዎች የባልደረባቸውን ፊት አይተው ድካሙን ያውቃሉ። በጽሑፍ ብቻ ሲገናኙ ዝምታው ንቀት፣ አጭሩ ቃል ቁጣ ይመስላል። ስለዚህ መልሱ ገና ባይዘጋጅም «ደርሶናል፤ እስከ ዓርብ እንመልሳለን» ብሎ ማሳወቅ ይገባል። ቅር የሚያሰኝ ጉዳይ፣ በተለይም የሒሳብ ጥያቄ፣ በቴሌግራም ቡድን ላይ በሁሉ ፊት አይነሣ። አስቀድሞ ለባለጉዳዩ በስልክ ይነገር፤ ስምምነቱ ከዚያ በኋላ በጽሑፍ ይስፈር።

በውጭ ካሉ አጥቢያዎች ጋር ስንሠራ ደግሞ ሰዓቱም ያሳስታል። «በ3 ሰዓት እንገናኝ» ስንል እኛ ጠዋትን እናስባለን፤ ዋሽንግተን ግን ያን ጊዜ ገና ሌሊት ነው። ልዩነቱ እንደ ወቅቱ 7 ወይም 8 ሰዓት ስለሚሆን በቀጠሮው ላይ የሁለቱንም አገር ሰዓትና የሁለቱንም አቆጣጠር ቀን እንጻፍ። ቅዳሜ ከምሽቱ 1 ሰዓት ለእነርሱ ቀትር ገደማ ነው፤ ለሁለታችንም ይመቻል። እሑድ በዚያው ሰዓት ግን ብዙዎቹ ገና ከቤተ ክርስቲያን አልወጡም።